ከልጄ ላይ ያወጡት ባሕር

ልጄ ሰርፍ ታደርጋለች። ይህን ለሐበሻ ስናገር የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምን ታደርጋለች?» ነው፤ ሌላው «አንቺስ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ነው። ኧረ ዝም ብዬስ አላይም! ቅዳሜ ማለዳ ዲር ፓርክ ከሚባለው ሰፈራችን ተነስቼ፣ ያንን ቦርዷን መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስሬ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድቼ የማደርሳት እኔው ነኝ። ዋና አልችልም። እግሬን እንኳ ውሃ አላስነካም። እሷ ግን ጥቁሩን የጎማ ልብሷን ለብሳ ትገባለች፤ ማዕበሉ ከኋላዋ ቤት አክሎ ሲነሳ ቦርዷ ላይ ብድግ ትላለች፤ ቆማ እየጋለበችው ወደ ዳር ትመጣለች። እኔ አሸዋው ላይ ሆኜ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» እላለሁ።

የጀመረችው በትምህርት ቤት ካምፕ ነው፣ ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለች። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት የስቴቱን፣ የመላ ግዛቱን፣ የወጣት ሴቶች ሻምፒዮና አሸነፈች። ከሁሉም አንደኛ! እዚያው ባሕር ዳር ያለው የሰፈር ጋዜጣ ያወጣው ግን ሁለተኛ የወጣችውን ልጅ ፎቶ ነበር። ስለ እኔ ልጅ ከታች አንዲት መስመር ጽፈዋል፤ እሷም ውስጥ ስሟ ተሳስቷል። እሺ፣ ፈረንጅ ነው፣ አያውቀንም ብዬ ተውኩት። የራሳችን ሰዎች ያከብሯታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

በቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ የተመራቂዎች እሑድ አለ። ነርሲንግ የጨረሰው፣ አካውንቲንግ የጨረሰችው፣ ሁሉም ጋውናቸውን ለብሰው መድረክ ይወጣሉ። ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ይባርኳቸዋል፤ እናቶች እልልታውን ያቀልጡታል። እኔ የሰው ልጅ ሲከበር ስንት ዓመት ስጮህ ኖሬያለሁ! ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። እና ሄጄ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው፤ የእኔንም ልጅ ጥሩልኝ አልኳቸው። አንደኛው «የተመረቀችው በምንድን ነው?» አሉኝ። ሁለተኛው ስለምትለብሰው ልብስ ጠየቁኝ። ሦስተኛው ፈገግ ብለው «እህቴ፣ እንጸልይበት» አሉ። በእኛ ዘንድ «እንጸልይበት» ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ የማያውቅ የለም። ደሜ ቢፈላም አሜን ብዬ ወጣሁ።

ልጄ መኪና ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር። «ምን አሉ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። አማርኛ ትሰማለች፣ መልስ ላይ ግን ሁሌም እንግሊዝኛ ነው የሚቀናት።

«እየተነጋገሩበት ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ቤት ስንገባ አልጋዋ ላይ ነጭ ቀሚሷ ተተኩሶ ተዘርግቶ አየሁት። ለካ እሷም ትፈልገው ኖሯል። ያን ቀን አንጀቴ እንዴት እንደተቃጠለ እኔና ጌታ ነን የምናውቀው። መድረኩ ላይ ሳላቆማት አልሞትም አልኩ።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ካሸነፈች በኋላ ቤታችን ውስጥ ባሕር ይሰማ ጀመር። እኔ ሥራ የምገባው ረፋድ ላይ ነው፤ ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ብቻዬን እቀራለሁ። አንድ ጠዋት ሳሎን ተቀምጬ ልብስ ሳጣጥፍ ከክፍሏ ድምፅ መጣ። የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ መሰለኝ። ጆሮዬን ሰጥቼ ስሰማው ግን ከሩቅ ይመጣል፣ ይሰበራል፣ እየተጎተተ ይመለሳል። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ከሩቅ ይጀምራል። ሄጄ በሩን ከፈትኩት። አልጋዋ ተነጥፏል፤ መስኮቱ ዝግ ነው፤ የሚጮህ ስልክ የለ፣ ሬዲዮ የለ። በሩን ስከፍት ድምፁ አልቆመም። ዝቅ ነው ያለው፤ እኔን የሚያሙ ሰዎች ድንገት ስገባባቸው ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉት። ዘጋሁትና ስልኬን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

ቀጥሎ ግድግዳው መጣ። የክፍሏ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ነጭ መስመር ወጣ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ጠረግሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ። ቤቱን የሚያከራየው ኤጀንት ለፍተሻ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ አየና «እርጥበት ነው፣ መስኮት ክፈቱ» አለኝ። ከባሕሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀን፣ በመጋዘንና በፋብሪካ ተከበን! እርጥበት ይላል እንዴ ሰውዬው?

እሷ እራት እየበላች ድንገት እጇን ታቆማለች። «ዛሬ ትልቅ ነው» ትለኛለች። ወይም «አሁን ተኛ» ትላለች። ስለ ባሕሩ ነው የምታወራው። ስልኬ ላይ ባሕሩን በቀጥታ የሚያሳየውን ካሜራ ከፍቼ አያለሁ፤ ልክ እንዳለችው ነው። አንድ ቀን ንጋት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ተኝታለች። ጉልበቷ ሸብረክ ብሏል፣ እጆቿ ከጎንና ከጎኗ ራቅ ብለዋል፣ እና ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። ስሟን ልጠራ አልኩና ተውኩት። ብጠራት የቆመችበት ምንጣፍ የሚሰምጥ መሰለኝ። ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅሁ። ሲበቃት ዞራ ገብታ ተኛች።

ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ? ፍርሃቱ ግን ደስታም ነበረበት። ጌታ ለልጄ ያልተለመደ ነገር ሰጥቷታል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ፤ ይህን ስጦታ ብነግራቸው እምቢ ማለት አይችሉም አልኩ።

ዓርብ ዓርብ ማታ ሰንሻይን ዌስት በሚባለው ሰፈር እትዬ ቤት የሴቶች ሕብረት አለን። እትዬ የጸሎት ቡድኑ መሪ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የእሳቸውን ቃል አያልፉም። ሥርዓታችን ይህ ነው፦ መጀመሪያ ምስጋና ያላት ምስጋናዋን ትናገራለች፤ ከዚያ መዝሙር ይዘመራል፤ ከመዝሙሩ በኋላ የሚነገር ሁሉ የጸሎት ርዕስ ነው፤ ማለትም በሽታ፣ ችግር፣ ጭንቀት። ያን ቀን ከሥራ ዘግይቼ መጣሁ። የእኔን ምስጋና ይዤ ስገባ መዝሙሩ አልቋል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ድምፁን፣ ጨዉን፣ ኮሪደሩን። «ከእሷ ጋር ያለው ነገር ከተፈጥሮ በላይ ነው» አልኩ። «እባካችሁ መድረክ ላይ ትጠራልኝ።»

ሴቶቹ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ተደነቁ ብዬ ደስ አለኝ።

እትዬ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ ነበር?»

«አዎ እትዬ፤ ለማን እነግራለሁ?»

«በሚመጣው ሳይሆን በሚቀጥለው እሑድ እናስጠራታለን። እኔ ራሴ ለመጋቢው እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ባሕር እንዳትሄድ። ትጹም።»

ለክብር እያዘጋጁልኝ ነው ብዬ የእትዬን ጉልበት ልስም ምንም አልቀረኝም። ልጄም ስነግራት ዘልላ አቀፈችኝ። ባሕር አትሄጂም ሲባል የምታለቅስ ልጅ ከሳምንት በላይ ቤቷ ተቀመጠች፤ ጾመች፤ ፀጉሯን ተሠራች። ነጭ ቀሚሷን እንደገና ተኮሰች።

እሑዱ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ፊት ተቀምጬ ስልኬን ለቪዲዮ አዘጋጅቻለሁ። መጋቢው ስሟን ጠሩ፤ ወጣች። መድረኩ ላይ ፈገግ ብላ ቆመች፣ እንዴት አምሮባት! «ወገኖች፣ እጃችሁን ወደዚች ልጅ ዘርጉ» አሉ መጋቢው። ተመራቂዎችንም እንደዚያ ነው የሚባርኩት፤ እኔም በአንድ እጄ እየቀረጽኩ ሌላውን ዘረጋሁ። እትዬ ከኋላዋ መጥተው እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጫኑ።

«አንተ የባሕር መንፈስ!» አሉ መጋቢው በማይክሮፎኑ። «በኢየሱስ ስም ልቀቃት!»

ስልኬ ከእጄ ወደቀ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ከመዝሙሩ በኋላ የተናገርኩትን እንደ በሽታ ነበር የቆጠሩት። ሰዉ ሁሉ መጮህ ጀመረ፣ የኪቦርዱ ሙዚቃ ተጀመረ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ትከሻዋን ያዙ። ልጄ ወደ እኔ ታያለች፤ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልጠፋም፤ እንደዚህ ነው የሚያከብሩት ብላ አስባ መሆን አለበት። ልሮጥ ተነሳሁ። አስተናጋጆቹ ያዙኝ። «እህቴ፣ ተረጋጊ፣ እየተሠራ ነው» ይሉኛል። «ምኑ ነው የሚሠራው! ልቀቁኝ!» ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? እዚያ ሁሉም ሰው ይጮኻል።

እትዬ ጭንቅላቷን ወደ ታች ተጫኑት። ልጄ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ከአፍንጫዋ ውሃ ወረደ።

ጠብታ አይደለም። ቧንቧ እንደተከፈተ ቀሚሷ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የሽማግሌው ጫማ ላይ ወረደ። ጩኸቱ በአንዴ ጸጥ አለ። የባሕሩ ሽታ እስከ እኔ ድረስ መጣ፤ አዳራሹን ሞላው። ውሃው መውረዱን አላቆመም። በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ሴት «ወጣ!» ብላ ጮኸች። «ወጣ! ወጣ!» አለ ሕዝቡ፣ ከዚያ እልልታ፤ ለማንም ተመራቂ ያልተባለ እልልታ።

ወደ ቤት ስንነዳ መሪውን ጨብጬ ሽማግሌዎቹንም፣ መጋቢውንም፣ እትዬንም አንድ በአንድ እየጠራሁ ረገምኳቸው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ልጄ ቀሚሷን በሶፍት እየጠረገች ነበር። የአፍንጫው ነገር የታወቀ ነው አለችኝ፤ ሰርፍ የሚያደርግ ሰው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ይቀርና ከሰዓታት በኋላ ጎንበስ ሲል ይፈስሳል። ትንሽ ነው የሚፈስሰው፣ ደግሞም በዚያው ቀን። «እኔ ግን ከሳምንት በላይ አልገባሁም» አለች። ቀሚሷን መጥረጓን አቆመች። ከዚያ በቀስታ፣ በእንግሊዝኛዋ፣ «ቢያንስ እልል አሉልኝ» አለችኝ።

መኪናውን ዳር አቁሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ዝም አለ። በሩን እከፍታለሁ፣ ምንም የለም። ግድግዳው ደረቀ፤ መስመሩ እንኳ ሳልጠርገው ጠፋ። እራት ላይ «ዛሬስ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። ድምፁን ስፈራው የኖርኩ ሴትዮ አሁን ዝምታው አስፈራኝ። ጠዋት ብቻዬን ሆኜ ጆሮዬን የክፍሏ በር ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። መቃብር ቤት ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ ወሰድኳት። ገባች፤ ቦርዷ ላይ ተቀመጠች። ጥሩ ማዕበል መጣ፣ አለፋት። ሌላ መጣ፣ አለፋት። ሌሎቹ ልጆች ከግራና ከቀኝ እየተነሱ ይሄዳሉ፤ እሷ እዚያው ተቀምጣለች፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው። በመጨረሻ በእጇ እየቀዘፈች ወጣችና አጠገቤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«መቼ እንደሚመጣ አይነግረኝም» አለች። «ድሮ ይነግረኝ ነበር። እማዬ፣ የእውነት አወጡት እንዴ?»

በሚቀጥለው ዓርብ ከሥራ የሕመም ፈቃድ ወሰድኩ። ልጄን መኪና ውስጥ ጭኜ ሰንሻይን ዌስት እትዬ በር ላይ አቆምኩ፤ «እዚህ ጠብቂኝ» ብያት ገባሁ። ምስጋናው ላይ ነበሩ። ሰላምታም አልሰጠሁ፣ ጫማዬንም አላወለቅሁ።

«ያወጣችሁትን መልሱልኝ!» አልኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ሳቋ ሊያመልጣት ሆነ። «ባሕር አስገባ ተብሎ ይጸለያል እንዴ?» አለች።

«እንዴት እንደሚባል እናንተ ታውቃላችሁ! ስታወጡ አልከበዳችሁም። ምስጋና ነበር ይዤ የመጣሁት፤ እናንተ ችግር አደረጋችሁብኝ። ልጄ ታማ አልነበረም። መልሱልኝ!»

እትዬ መሬት መሬት ያያሉ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ከእሑዱ ወዲህ የከሱም መሰለኝ። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱና «ዝም በሉ» አሉ፣ «ስሙ።»

ዝም አልን። ድምፁ ከኩሽናው በኩል ይመጣ ነበር። ከሩቅ ይነሳል፣ ይሰበራል፣ እየተጎተተ ይመለሳል። ሳቋ ሊያመልጣት የነበረችው ሴት የጎረቤቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«እጄን የጫንኩባት ቀን ተከትሎኝ መጣ» አሉ እትዬ። «በልሳን ጸለይኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ገሠጽኩት። አይሄድም። ክፉ ነገር ቢሆን ይሄድ ነበር።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄ፣ ያቺ ልጅ እዚያ ውሃ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠራው?»

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያናችን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለእትዬ እንኳ እኔ የነገርኳቸው ስለ ድምፁና ስለ ጨዉ እንጂ ስለ ውድድሩ አልነበረም። ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ማዕበሉን፣ እንዴት ብድግ እንደምትል፣ ከሁሉም አንደኛ እንደወጣች፣ ጋዜጣው እንደዘለላት፣ ቀሚሷን ተኩሳ እንደጠበቀች፣ ሽማግሌዎቹ «እንጸልይበት» እንዳሉኝ። እትዬ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ጥሪያት» አሉ።

ልጄን ከመኪናው አስገባኋት። ሴቶቹን ስታይ በሩ ላይ ቆመች፤ እጇ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ድምፁ ከኩሽናው ሲመጣ ሰማችውና ፊቷን ወደዚያ መለሰች። እትዬ በዝግታ ተነስተው መጡ። እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አልጫኑም፤ ሁለቱን መዳፎቿን ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባት ሆይ፣ ይህችን ልጅ አንተ ታውቃታለህ፤ ያላወቅናት እኛ ነን። ባሕሩን የሠራኸው አንተ ነህ፤ በላዩ ያቆምካትም አንተ ነህ። በዚህ ስቴት ካሉት ልጃገረዶች ሁሉ በላይ አደረግሃት፤ አሸናፊ ናት። የሰጠሃትን በእጃችን ነጠቅናት። ይቅር በለን፣ መልስላት።»

«አሜን» አልን። ሁሉም አለቀሱ። ልጄ ግን አላለቀሰችም። የእትዬን እጅ አልለቀቀችም፤ ዓይኗን ፊታቸው ላይ ተክላ ቆማለች። ከዚያ ከንፈሯን አላቀቀች፤ ቃሉን እየፈለገች፣ በተሰባበረ አማርኛ ተናገረች።

«እትዬ፣ እንደገና ይበሉት» አለች። «አሸናፊ የሚለውን።»

እትዬም «አሸናፊ ናት» ብለው ጸሎቱን እንደገና ጀመሩ።